«ከእኛ ዘር ነው ወይ?» — በበር መቃን ላይ ያለ የከሰል ምልክትና የ240 ዓመት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ይረዝማል፤ ታሪክም ይበዛበታል። እንድጽፈው ያደረገችኝ አንዲት የቡሹሎ እናት ናት።

ቡሹሎ ከሀዋሳ ዳር ያለች፣ ብዙዎቻችሁ በጤና ጣቢያዋ የምታውቋት ሰፈር ናት። እናትየዋ የ11 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣችው «ራሱን ያመዋል» ብላ ነበር። (የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ እነሱን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ሁሉ ቀይሬዋለሁ።) ልጁን እየመረመርኩ ሳለ እንደ ቀልድ «ዶክተርዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ በጫማ ሊያደኸየን ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ነው» አለች። ቁመቱን ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ66። ለ11 ዓመት ልጅ በጣም ረጅም ነው። ግን ረጅም ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። አባትየውም ረጅም ነው፣ በልጁም ቁመት ይኮራል፤ ሰፈሩ «ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ» ይለዋል።

«ባለፈው ዓመት ስንት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት መልስ አልጠበቅኩም። እሷ ግን «በሩ ላይ አለ» አለችኝ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ልጆቿን ከበሩ መቃን ጋር አስደግፋ ከራሳቸው በላይ በከሰል ታሰምራለች። ማስመር የጀመረችው ለጨዋታ ነው። በማግስቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሳ ለክታ ቁጥሮቹን በደብተር ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ልጁ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ 13 ሴንቲ ሜትር አድጓል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 11። የጉርምስና ምልክት ግን ገና አላየሁበትም። በዚህ ዕድሜ ያለ፣ ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት የሚያድገው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያ ወረቀት ከእኔ መሣሪያ ሁሉ በላይ ተናገረ።

ነገሩን ላሳጥረው። የደም ምርመራው የእድገት ሆርሞኑ ከልክ በላይ መሆኑን አሳየ፤ አዲስ አበባ የተነሣው ኤምአርአይ ደግሞ ፒቱታሪ ላይ ያለ ቱመር አሳየ። ውጤቱን ቁጭ ብዬ ሳስረዳት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም፣ «ይድናል ወይ?» ብላም አልነበረም። ባሏ ውጭ እንደሆነ አረጋገጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከእኛ ዘር ነው ወይ? ከእኔ ነው?» አለችኝ።

በአሥር ደቂቃ የምችለውን መለስኩላት። በቂ እንዳልነበር ግን ይሰማኛል፤ ስለዚህ እዚህ በደንብ ልመልሰው።

አስቀድሜ አንድ የቋንቋ ነገር ላጥራ። በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው ሁላችንም ይዘነው የምንወለደውና ሆርሞን የሚያመነጨው አካል ነው። ሁለተኛው ያለ ቦታው የሚያብጠው ነገር ነው። «ልጅዎ ፒቱታሪ ዕጢ አለው» ስላቸው የሚደነግጡ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ እኛም እኮ አለን! ስለዚህ ለጤነኛው አካል «ፒቱታሪ»፣ ለሚያብጠው ደግሞ «ቱመር» እላለሁ። የፒቱታሪ ቱመር አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሆርሞን ከልክ በላይ ያመነጫል። ሌላው እያበጠ አጠገቡ ያሉትን፣ በተለይም ከበላዩ የሚያልፈውን የዓይን ነርቭ ይጫናል።

ፒቱታሪ የሽምብራ ፍሬ ታህላለች፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የተቀመጠችው ከአፍንጫ በስተኋላ፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ነው። የጥንት ሐኪሞች ጎድጓዳዋን «የቱርክ ኮርቻ» ብለዋታል፤ ዛሬም ስሟ ይኸው ነው። እድገትን፣ ጉርምስናን፣ የወር አበባን፣ የጡት ወተትን፣ የሰውነትን ውኃ፣ በሕመም ጊዜ የሚያቆመንን ኮርቲሶል ሁሉ ትቆጣጠራለች። የጥንቶቹ ግን ሥራዋን አያውቁም ነበር። የአንጎልን ንፍጥ አጣርታ በአፍንጫ የምታስወጣ ወንፊት ትመስላቸው ነበር። ፒቱታሪ የሚለው ስም ራሱ ንፍጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ከ1,000 ዓመት በላይ የተሳሳተ ነገር ታምኖ ኖሯል፤ እኛም ዛሬ ከምናምነው ስንቱ እንዲህ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ ታሪኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቻርልስ ባይርን በ1761 በሰሜን አየርላንድ፣ በአንዲት የገጠር መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ተራ ቁመት ያላቸው ድሆች ነበሩ። ልጁ ግን ማደጉን አላቆመም። በ21 ዓመቱ፣ በ1782፣ ለንደን ሄደና ሰው ከፍሎ የሚያየው ትርኢት ሆነ። ጋዜጦች «አየርላንዳዊው ግዙፍ» አሉት። የሚያስተዋውቁት ሰዎች ቁመቱን አጋነው ያወሩ ነበር፤ አጥንቱ ሲለካ ግን 2 ሜትር ከ31 ገደማ ነው። ያጠራቀመው ገንዘብ ተሰረቀበት፣ መጠጥ አበዛ፣ ጤናውም ተበላሸ። በ1783 በ22 ዓመቱ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ፈርቶ ነበር። የዘመኑ ታዋቂ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ሃንተር ሬሳውን ለምርምር እንደሚፈልገው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹን ሬሳውን በእርሳስ ሣጥን አድርገው ባሕር ውስጥ እንዲያሰጥሙት ተማጸነ። ሃንተር ግን በመንገድ ላይ ሰው በገንዘብ ገዝቶ ሬሳውን አስለወጠ፤ የከፈለው 500 ፓውንድ እንደነበር ይነገራል። በሣጥኑ ውስጥ ድንጋይ ገባ፣ ባይርን ወደ ሃንተር ቤት ሄደ። ሥጋው ተቀቅሎ አጥንቱ ተለየ፤ ከዚያም ከ200 ዓመት በላይ ለንደን ውስጥ በሙዚየም መስታወት ቆመ።

ይህን ስነግራት የቡሹሎዋ እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኛ ሀገር የሙት ኑዛዜ መጣስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ይህን ክፍል እንደ ሳይንስ ጀብዱ ልተርከው አልችልም። ሃንተር ሬሳውን ሰረቀ፤ ሰርቆም ግን ልጁ ለምን እንደረዘመ አላወቀም። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር።

ፍንጩ የመጣው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። በ1886 ፒየር ማሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እጃቸው፣ እግራቸውና አገጫቸው የሚገዝፍ ሰዎችን ሕመም ገልጾ አክሮሜጋሊ የሚል ስም ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ፒቱታሪ አብጦ እንደሚገኝ ታየ። ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ ነው። አጥንት ማደጉን ከመጨረሱ በፊት ከጀመረ ልጁ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ከጀመረ እጅና ፊት ይገዝፋል። በ1909 አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ለንደን መጥቶ ከሙዚየሙ ኃላፊ ከአርተር ኪዝ ጋር የባይርንን ራስ ቅል ከፈቱ። የቱርክ ኮርቻው በጣም ሰፍቶ አገኙት። ቱመሩ ራሱ ከጠፋ 126 ዓመት ሆኖታል፤ የተኛበት ጉድጓድ ግን አልጠፋም።

ስለዚህ «ምንድን ነው?» የሚለው ተመለሰ። የእናትየዋ ጥያቄ፣ «ከየት መጣ?» የሚለው፣ ገና 100 ዓመት ያህል ይጠብቃል።

በ2006 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የፒቱታሪ ቱመር በተደጋገመባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ኤአይፒ የተባለ ዘረመል ተበላሽቶ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ በለንደን በማርታ ኮርቦኒትስ የሚመራ ቡድን ከባይርን ጥርስ ዘረመል አውጥቶ ያንኑ ብልሽት አገኘበት። ውጤቱ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጣ። ከዚህም የሚገርመው ሌላው ነው። በዚያው በሰሜን አየርላንድ አካባቢ ዛሬ የሚኖሩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ልክ ያንኑ ስሕተት ይዘው ተገኙ።

ዘረመል ላይ ያለ ስሕተት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁልጊዜ የማነሣው የብራና መጽሐፍን ነው። አንድ ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢሳሳት፣ ከእሱ መጽሐፍ የሚገለብጡት ሁሉ ያቺን ስሕተት ይወርሳሉ። ከዘመናት በኋላ በተለያየ ገዳም ያሉ ሁለት መጻሕፍት አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው፣ ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደተቀዱ እናውቃለን። ተመራማሪዎቹም በዚሁ መንገድ አስልተው ባይርንና እነዚያ ቤተሰቦች አንድ የጋራ ቅድመ አያት እንዳላቸው፣ እሱም ከ1,500 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በፊት እንደኖረ ገመቱ። በአካባቢው ከሕዝቡ ምራቅ ተሰብስቦ ሲመረመር ከ150 ሰው አንዱ ገደማ ስሕተቱን ተሸክሞ ተገኘ።

ከ150 አንዱ! ታዲያ አገሩ ለምን በግዙፎች አልተሞላም? እዚህ ላይ ነው ለወላጆች የሚጠቅመው ነገር ያለው። ይህን ስሕተት የተሸከመ ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከወረሱት ውስጥ ግን የሚታመሙት ከአሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ባለ ተራ ቁመት እናት ወይም አባት ሳያውቁ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ሰው የለም» ማለት ነገሩን አይዘጋውም። በተቃራኒው ደግሞ በዘር ሐረግ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ሌሎቹ ልጆች ይታመማሉ ማለት አይደለም።

ደግሞም ከዘር የማይመጣው ይበዛል። የፒቱታሪ ቱመር ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ከቤተሰብ የወረሱት ነገር አይገኝባቸውም። ከልክ በላይ በሚረዝሙት ልጆች ላይ ግን ድርሻው ከፍ ይላል። በ2015 ከብዙ ሀገራት የተሰበሰቡ 208 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ዘረመላቸው ከተመረመረው ግማሽ በሚጠጉት ላይ ምክንያት ተገኘ፣ በቀሩት ላይ ምንም አልተገኘም። ምክንያት ከተገኘባቸውም ሁሉም ከወላጅ የወረሱት አይደለም። ለምሳሌ በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የአንድ ዓመት ልደታቸውን ሳያከብሩ መርዘም የሚጀምሩ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ አገኙ። በአብዛኞቹ ላይ ወላጆቹ የላቸውም፤ ስሕተቱ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ መጽሐፉ በሙሉ ደህና ሆኖ አንዲት ቅጠል ላይ ብቻ ቀለም እንደሚፈስስ፣ ስሕተቱ በቱመሩ ሴሎች ውስጥ ብቻ ይፈጠራል። ኮርቲሶል የሚያበዛው ቱመር ላይ በ2015 የተገኘው ስሕተት እንዲህ ያለ ነው። ይህ ከወላጅ አልመጣም፣ ወደ ልጅ ልጅም አይሄድም።

የቡሹሎዋ እናት ከእነዚህ በየትኛው እንደሆነች እንጠይቅ ካልን፣ የዘረመል ምርመራው ናሙና ወደ ውጭ መላክ ይጠይቃል። እስከዚያው ለቤተሰቡ የሚጠቅመውን ያለ ዘረመል ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ ወንድምና እህቶቹን መለካት ማለት ነው። በእርግዝና የበላችው፣ ያየችው፣ የተደናገጠችው፣ የተጣላችው ሰው አላመጣውም። የሰው ዓይንም አላመጣውም። ባሏም ቢሰማ ምንም የምትደብቀው ነገር እንደሌለ ነግሬያት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ገቡ።

ስለ ሕክምናው ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። በተመረቅኩበት ዓመት፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ለራስ ምታት ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ ፓራሲታሞል ሰጥቼ መለስኳት። እናቷ «ይሄን ቀሚስ የገዛሁላት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ አሁንም ልክ ነው፤ ልብስ አታስወጣኝም» ስትለኝ ቁጠባዋን አደነቅኩ። ልጅቷ በክፍሏ ካሉት ሁሉ አጭር ነበረች፤ ሌሊት ውኃ ለመጠጣትና ለመሽናት ሦስት አራት ጊዜ ትነሣለች። ሁሉንም ነገረችኝ፤ እኔ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘሁም። ቁመቷንም አልለካሁም። ወራት ቆይቶ በበር ስታልፍ በትከሻዋ መቃኑን መግጨት ስትጀምር ሌላ ሐኪም አገኘው፤ ክራኒዮፋሪንጂዮማ ነበር። ይህ ፒቱታሪ አጠገብ የሚያድግ፣ ገና በማሕፀን ሳለን ከቀሩ ሴሎች የሚነሣ ቱመር ነው። ኤርድሃይም የተባለ ሐኪም በ1904 ገልጾታል። በልጆች በዚያ አካባቢ ከሚገኙት ቱመሮች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውም እሱ ነው፤ ከዘርም አይመጣም። ልጅቷ ታክማ በሕይወት አለች፤ የአንድ ዓይኗ ብርሃን ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ይዞት ለመጣ ልጅም ሜትር አነሣለሁ።

ሕክምናው ከየት መጣ? ፒቱታሪ የተቀመጠችበት ቦታ ለቢላ አይመችም። ከላይ በራስ ቅል ከገቡ አንጎል አለ፤ ከጎን ዋና ዋና የደም ሥሮችና የዓይን ነርቮች አሉ። በ1907 ኸርማን ሽሎፈር በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ በአፍንጫ በኩል ገብቶ ቱመር አወጣ። ሕመምተኛው ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሞተ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። ኩሺንግ ያንን መንገድ አሻሻለው። ከ1910 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት 231 ሰው በአፍንጫ በኩል ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ከ100 ሕመምተኞች የሞቱት 6 የማይሞሉ ናቸው። አንቲባዮቲክም፣ ኤምአርአይም፣ ኮርቲሶን መድኃኒትም ባልነበረበት ዘመን ይህ ያስደንቃል። ከዚያ ግን ራሱ ተወውና በራስ ቅል በኩል መግባትን መረጠ። እሱ ሲተወው ዓለም ተወው።

ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ፤ ከእነሱ አንዱ ስኮትላንዳዊው ኖርማን ዶት ነው። ኩሺንግ ዘንድ የተማረው ዶት በኤዲንብራ በአፍንጫ በኩል መሥራቱን ቀጠለ። ፈረንሳዊው ዤራር ጊዮ ከእሱ ተምሮ ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ ካናዳዊው ዡል አርዲ ደግሞ ከጊዮ ተምሮ ወደ ሞንትሪያል ወሰደውና በ1960ዎቹ ማይክሮስኮፕ ጨመረበት። ያኔ ነው ጤነኛውን ፒቱታሪ ሳይነኩ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ቱመር ለይቶ ማውጣት የተቻለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከዚህች ቀጭን ክር የመጣ ነው። ከላይ ካነሣኋቸው የሰሜን አየርላንድ ቤተሰቦች አንዱ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በ20 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ታክሞ እድገቱ ቆመለት፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ነው፤ ሸምግሏል። ከባይርን ጋር ያላቸው ስሕተት አንድ ነው። ባይርን ግን 22 ዓመቱ ላይ ሞተ።

እኛም ሀገር ነገሩ ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጣው። ለረጅም ዘመን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ያኔ ውጭ ሄዶ ከመማር እዚሁ መማሩ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሄደ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከዚያ የተመረቁት ዛሬ አዲስ አበባም፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ይሠራሉ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ በሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል። የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞችን በተመለከተ ከ2008 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ የተከፈተ ማሠልጠኛ ከኢትዮጵያም ሐኪሞችን አስተምሯል። ቁጥራቸው ዛሬም ትንሽ ነው፤ ቀጠሮ ይርቃል። ለዚህ ነው ልጁ በጊዜ ሪፈር መደረጉ ትልቅ ነገር የሚሆነው።

ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገውም አለ። ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን የሚያበዛው ቱመር በአብዛኛው በክኒን ይሟሽሻል፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ብሮሞክሪፕቲን፣ በኋላም በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ካበርጎሊን መጥተዋል። የጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለች፣ ያልወለደች ልጅ ከጡቷ ወተት ከወጣ ወይም ጀምሮላት የነበረው የወር አበባ ከቆመ፣ እባካችሁ ከመቆጣትና ከመጠርጠር በፊት ወደ ሐኪም አምጧት። በዚህ ምክንያት የተደበደበች ልጅ አይቻለሁ።

ኮርቲሶል የሚያበዛውን፣ ኩሺንግ በ1932 የገለጸውንና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ ቤት ውስጥ የምትለዩበት አንድ ዘዴ አለ። ብዙ በልቶ የሚወፍር ልጅ ቁመቱም አብሮ ይጨምራል። ፊቱ እየከበበ፣ ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ ግን ከቆመ መመርመር አለበት። ቸኩላችሁ ቱመር ነው አትበሉ። ከቱመሩ እጅግ የሚበዛው ምክንያት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ ስቴሮይድ ነው፤ ለማወፈር ተብሎ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን፣ ፊት ለማቅላት የሚቀባ ቅባት። እነዚህን ለልጅ አትስጡ። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ካለ ደግሞ በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡ፣ አምጡት። በፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ሃይድሮኮርቲሶን የታዘዘለት ልጅም መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም። ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ ይጨመራል፤ እንዴት እንደሚጨመር ከሐኪሙ በጽሑፍ ተቀበሉ። ካስመለሰው ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለ መለካት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ሕፃናትን ይመዝናሉ፣ ካርድ ላይ ይጽፋሉ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይለካውም። እነዚህ ቱመሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ጫማ አስወልቃችሁ፣ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ራሱ ላይ መጽሐፍ በአግድም አድርጋችሁ አስምሩ፤ ቀኑን ጻፉበት። ከአራት ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ፣ ወይም የጉርምስና ምልክት ሳይታይበት እንደ ጎረምሳ 8፣ 10 ካደገ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ የጎን ዕይታ መጥፋት፣ የማያቋርጥ ውኃ ጥም ካለ ግን ዓመት አትጠብቁ።

ባይርን? ሙዚየሙ ታድሶ በግንቦት 2023 ሲከፈት አጥንቱ ከመስታወቱ ወጥቷል። ከዚያ በፊት በጥር ወር ከእንግዲህ ለሕዝብ እንደማይታይ አስታውቀው ነበር። ባሕር ግን አልገባም፤ ለምርምር ይጠቅማል ተብሎ ተቀምጧል። እናትየዋ ይህን ስትሰማ «እስካሁን አልቀበሩትም?» አለችኝ።

ልጇ በአፍንጫ በኩል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተመልሷል። የእድገት ሆርሞኑ ወርዷል፤ ሙሉ በሙሉ ስላልወረደ መርፌ እየተሰጠው ነው። ራስ ምታቱ ለቆታል። በሩ መቃን ላይ የእሱ የመጨረሻ መስመርና የአሁኑ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ታናሽ እህቱ 7 ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት 6 ሴንቲ ሜትር አድጋለች። ለፋሲካ እንደገና ትለካለች።